ከወደብ ጫኝነት እስከ ሲኒማ፦ የኡስማን ሴምቤን ሕይወት

የኪነ ጥበብ ሰው የሚሠራው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ከማመላለስ ይልቅ በአንድ ወዛደር ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደ ተፈታ መመርመር የተሻለ ነው። ሴኔጋላዊው ደራሲና የፊልም ዲሬክተር ኡስማን ሴምቤን በ1923 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ሴኔጋል በዚጊንሾር ከተማ ከዓሣ አጥማጅ አባት ተወለደ። የቅኝ ገዥዎቹ ትምህርት ቤት ዲሬክተር በጥፊ ሲመታው አጸፋውን በመመለሱ ከትምህርት ገበታ ተባረረ፤ ከዚያም በግንበኝነትና በመካኒክነት ሠራ። በወጣትነቱ በልቡ ከቀሩት ፊልሞች አንዱ የ1936ቱን የበርሊን ኦሎምፒክ የሚያሳየው ሲሆን፣ የነጭ ዘር የበላይነትን ይሰብክ የነበረው የናዚ ሥርዓት ባሠራው በዚያው ፊልም ጥቁሩ ጄሲ ኦውንስ ሁሉንም ቀድሞ ሲሮጥ አየ። ታሪክ እንዲህም ያላግጣል።

በ1944 ለፈረንሳይ የቅኝ ግዛት ጦር ተመለመለ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በማርሴይ ወደብ ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ዓመታት አሳለፈ፤ የሠራተኛ ማኅበርና የኮሙኒስት ፓርቲ አባልም ሆነ። በ1951 በሥራ ላይ ጀርባው ተጎዳ። ከባድ ሸክም የማይችል ሰው በሆነበት በዚያ ወቅት የማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤቱ ሆነለት። በ1956 ስለ ጥቁር የወደብ ሠራተኛ፣ በ1960 ደግሞ ስለ ዳካር—ኒጀር የባቡር ሠራተኞች የ1947—48 የሥራ ማቆም አድማ የጻፋቸው ልብ ወለዶች ታተሙ።

ነገር ግን መጻሕፍቱ የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነበር። ወደ አፍሪካ ተመልሶ ሲዘዋወር፣ የጻፈላቸው ወዛደሮችና ገበሬዎች አብዛኞቹ ሊያነቡት እንደማይችሉ ተገነዘበ። ዝና ያገኘ ደራሲ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል እንደ ጀማሪ ተማሪ ሞስኮ ወደሚገኘው የጎርኪ ስቱዲዮ ሄዶ፣ የማክሲም ጎርኪን ሕይወት በፊልም ካቀረበው ከማርክ ዶንስኮይ ዘንድ ሙያውን ተማረ።

በ1963 ያወጣው አጭር ፊልም «ቦሮም ሳሬት» የአንድ ድሀ ባለጋሪ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ባለጋሪው ጋሪ ወደማይገባበት የሀብታሞች ሰፈር ሲዘልቅ ፖሊስ ያስቆመዋል፤ የጦር ሜዳ ኒሻኑ መሬት ሲወድቅ ፖሊሱ ይረግጠዋል፤ ጋሪውም ይወሰድበታል። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር።

በ1968 የቀረበው «ማንዳቢ» ዋናው መልስ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ በወሎፍ ይናገራሉ። ሥራ የሌለው ኢብራሂማ ዲዬንግ፣ ፓሪስ ጎዳና ከሚጠርገው የወንድሙ ልጅ 25,000 ፍራንክ ሐዋላ ይላክለታል፤ ገንዘቡን ለማውጣት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያው የልደት ማስረጃ ይጠየቃል። ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተ አንባቢ ሁሉ ይህን ሰው ሳይተዋወቀው ያውቀዋል። መሸሸግ የማይገባው ግን፣ ለፊልሙ ገንዘብ የተገኘው ከቀድሞዋ ቅኝ ገዥ ከፈረንሳይ መሆኑ ነው፤ ፈረንሳይኛ ቅጂም እንዲኖር ስለ ተጠየቀ ሥራው በሁለቱም ቋንቋ ተቀረጸ። የሴምቤን ነጻነት በየፊልሙ እንደ አዲስ የሚታገልለት እንጂ በእጁ ያለ ሀብት አልነበረም።

በአገሩም ቢሆን አልቀለለውም። አዲሶቹን ከበርቴዎች የሚዘልፈው የ1975ቱ «ሃላ» በሳንሱር ተቆራረጠ። ከሁሉ የከፋው የ1977ቱ «ቼዶ» ነው። ፊልሙ እስልምናን፣ ክርስትናንና የባሪያ ንግድን በአንድ መንደር አፋጥጦ የሚያሳይ ሲሆን፣ መንግሥት ለእገዳው የሰጠው ምክንያት ግን የርእሱ አጻጻፍ ነበር፦ ባለቅኔና የሰዋስው ሊቅ በነበሩት በፕሬዚዳንት ሴንጎር ዘመን በወጣው ደንብ መሠረት ቃሉ በአንድ «ደ» መጻፍ ነበረበት፣ ሴምቤን በሁለት ጻፈው። አንዲት ፊደል ቢቀንስ ይቀልለት ይሆናል ብሎ የሚያስብ አይጠፋም፤ እርሱ ግን የሕዝቡን ቋንቋ አጻጻፍ ለባለሥልጣን አልለቅም ብሎ ጸና። ፊልሙም በአገሩ ለዓመታት ሳይታይ ቀረ።

ልጃገረዶችን ከግርዛት ስለምትከላከል ሴት የሚተርከውን «ሞላዴ» በ2004 ሲያወጣ 81 ዓመቱ ነበር። ሰኔ 9 ቀን 2007 ዳካር ውስጥ ዐረፈ፤ ቤቱን የሰየመው በታገደው ፊልም ስም «ጋሌ ቼዶ» ብሎ ነበር።