ሳሙኤል ሐነማን፤ ሕመምተኛን ያዳመጠ ሐኪም

በሕክምና ታሪክ ስማቸው ከተነሣ ሰዎች መካከል አንዱ ሳሙኤል ሐነማን ነው። የዚህ ሰው ሕይወት ለተማሪ ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ ይኸውም ሕመምተኛን በትዕግሥት ማዳመጥና የራስን ሐሳብ ደጋግሞ መመርመር ነው። የመጀመሪያውን በሥራው አሳይቶናል፤ ሁለተኛውን ግን የምንማረው ከስሕተቱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐነማን በጀርመን አገር በሜይሰን ከተማ አፕሪል 10 ቀን 1755 ተወለደ። አባቱ በዚያች ከተማ ታዋቂ በሆነው የነጭ ሸክላ ፋብሪካ በዕቃዎች ላይ ሥዕል የሚሥል ሠራተኛ ነበረ። ቤተ ሰቡ ድኻ ስለ ነበረ ልጁ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት ይቀር ነበር፤ መምህራኑ ግን ትጋቱን አይተው ያለ ክፍያ አስተማሩት። በሌሊት ተደብቆ ለማጥናት ከጭቃ መብራት ሠርቶ ነበር ይባላል። በ20 ዓመቱ ላይፕሲክ ወደ ነበረው ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ቋንቋ እያስተማረና መጻሕፍት እየተረጐመ ራሱን ረዳ። ከዚያም በቪዬና ሕክምና ተምሮ በ1779 በኤርላንገን የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ብዙውን በሽታ የሚያክሙት ደም በማፍሰስ፥ በማስታወክና ሆድ በሚያጥብ ብርቱ መድኃኒት ነበረ። ሕመምተኛው ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው ይዳከም ነበር። ሐነማን ይህን አይቶ ኅሊናው ስላልፈቀደለት ሕክምናውን ትቶ በትርጉም ሥራ ልጆቹን ማሳደግ ጀመረ። በ1790 የስኮትላንዱን ሐኪም የዊልያም ከለንን መጽሐፍ ሲተረጕም፥ የሲንኮና ልጥ ወባን ስለሚፈውስበት ምክንያት የተሰጠው ማብራሪያ አላረካውም። ስለዚህ ጤነኛ ሳለ ልጡን ራሱ ወሰደ፤ የወባን የሚመስል ስሜትም ተሰማው። ከዚህ ተነሥቶ በጤነኛ ሰው ላይ አንድን ስሜት የሚያመጣ ነገር ያንኑ የሚመስለውን በሽታ ይፈውሳል ብሎ ደመደመ። በእኛ አነጋገር እሾህን በእሾህ እንደ ማለት ነው። ሐሳቡን በ1796 አሳተመ፤ በ1810 ደግሞ ኦርጋኖን በተባለው መጽሐፉ አስፋፋው። ትምህርቱም ሆሚዮፓቲ ተባለ።

የሐነማን አሠራር ቆዳን በመሰለ ረጅም ሕመም ላይ እንዲህ ነበረ። ችፌ ያለበት ሰው ሲመጣ ቁስሉን ብቻ አያይም፤ ንግግሩን ሳያቋርጥ ያዳምጥና ሁሉን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ማሳከኩ በየትኛው ሰዓት ይብሳል? ሙቀት ነው ወይስ ብርድ የሚያስነሣው? እንቅልፉ፥ ጥማቱ፥ ጠባዩስ እንዴት ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ሁሉን ማወቅ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ አንድ ዓይነት ችፌ ላለባቸው ሁለት ሰዎች ሁለት ልዩ ልዩ መድኃኒት ሊሰጥ ይችል ነበር፤ ለአንዱ ድኝ፥ ለሌላው በእርሳሳችን ውስጥ ያለውን ጥቁር ማዕድን ግራፋይትን። መድኃኒቱን ግን አንዱን እጅ ከ99 እጅ ጋራ እየቀላቀለና እየናጠ እስከ 30 ጊዜ ያቀጥነው ነበር። በዛሬ ዕውቀት ከ12ኛው ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ነገር አንዲት ሞለኪውል እንኳ መቅረቷ ያጠራጥራል።

በ1821 ከመድኃኒት ቀማሚዎች ጋራ ተጣልቶ ከላይፕሲክ ወደ ኬተን ሄደ። በዚያ ሳለ በ1828 ስለ ረጅም በሽታዎች መጽሐፍ አሳተመ። ከስምንት እጅ ሰባቱ የሚሆነው ረጅም በሽታ የሚመጣው ወደ ውስጥ ከገባ የእከክ ደዌ ነው፤ እከክን በቅባት ማጥፋትም በሽታውን ወደ ውስጥ መደበቅ ነው ሲል አስተማረ። ነገር ግን በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተማሪ በፓሪስ ከእከክ ሕመምተኛ ቆዳ አንዲት ጥቃቅን ተባይ በመርፌ አውጥቶ ለሐኪሞች አሳየ። የእከክ ምክንያት ይህች ተባይ ነበረች። የሚያስደንቀው ደግሞ ተባይቱን ከሚገድሉት መድኃኒቶች አንዱ ሐነማን የከለከለው የድኝ ቅባት መሆኑ ነው።

የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ በ1835 ሜላኒ የተባለች ፈረንሳዊት አግብቶ ያው ግኝት ወደ ታየባት ወደ ፓሪስ ሄደ። ትምህርቱን ሳይተው ብዙ ሕመምተኞች እየተቀበለ ቈይቶ ጁላይ 2 ቀን 1843 በ88 ዓመቱ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ ብዙ ምርመራ ተደርጓል። የአውስትራሊያ መንግሥት የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 ባወጣው መግለጫ ሆሚዮፓቲ መፈወሱ በአስተማማኝ ማስረጃ የተረጋገጠበት አንድም በሽታ አልተገኘም። ታዲያ ብዙዎች ለምን ዳንን አሉ? ችፌ አንድ ጊዜ የሚነሣ፥ አንድ ጊዜ የሚተኛ ሕመም ነው፤ በራሱ ሲተኛ ምስጋናው ለመድኃኒቱ ይሆናል። ከዚህም በላይ ደም ከማፍሰስ ይልቅ ምንም አለማድረግ ይሻል ነበር።

እንግዲህ ተማሪዎች ሆይ፥ ሐነማን ሰነፍ ወይም አታላይ አልነበረም፤ ትጉህና ርኅሩኅ ነበረ። ጉድለቱ በራሱ ሰውነት ላይ ያየውን የዓለም ሁሉ ሕግ ማድረጉ ነው። ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆን ቢኖር ጆሮውን ከሐነማን፥ ዓይኑን ከዚያ መርፌ ከያዘው ተማሪ ይውሰድ።