ዶክተር ሉድቪግ ጉትማንና የአልጋ ቁስል

ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1899፣ በጊዜው የጀርመን ግዛት በነበረችው በላይኛው ሲሌዥያ፣ ቶስት በምትባል ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1917፣ ገና የሕክምና ትምህርት ሳይጀምሩ፣ በአንድ የአደጋ ሆስፒታል በረዳትነት ሲያገለግሉ አከርካሪው የተሰበረ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ አጋጠማቸው። የሕመሙን ሁኔታ ሊመዘግቡ ቢነሡ፣ ሰውየው ከጥቂት ሳምንታት የበለጠ ስለማይቆይ በከንቱ እንዳይደክሙ ተነገራቸው። እንደ ተባለውም በአምስተኛው ሳምንት ሞተ።

በዚያ ዘመን ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሞተው በስብራቱ ሳይሆን በአልጋ ቁስልና በሽንት መሥመር መመረዝ ነበር። ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ የነርቭ ሐኪም ሻርኮ ቁስሉን የሚያመጣው የነርቩ ጉዳት ራሱ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። አስተሳሰቡ ለአካሚው የተመቸ ነበር፤ ቁስሉ የማይቀር ዕዳ ከሆነ ተጠያቂ አይኖርምና።

ጉትማን በብሬስላው ታዋቂ የነርቭ ሐኪም ለመሆን በቁ። ይሁን እንጂ በ1933 ናዚዎች ከሥራቸው አስወገዷቸው፤ በ1939 ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በየካቲት 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የተከፈተው የኅብለ ሰረሰር ጉዳተኞች ክፍል በኃላፊነት ተሰጣቸው።

ወታደሮቹ በጄሶ ታስረው፣ ጀርባቸው ቆስሎ ይመጡ ነበር። ጉትማን ጄሶውን አስነሡ። የተጋደመ ሰው ክብደት በፍራሹ ላይ እኩል አይከፋፈልም፤ የሚያርፈው በታፋ፣ በዳሌና በተረከዝ አጥንቶች ላይ ነው። በአጥንቱና በፍራሹ መካከል የተጨመቀው ሥጋ ቀጫጭን የደም ሥሮቹ ይዘጉና ይራባል። ጉዳቱም ቆዳው ከመከፈቱ በፊት በውስጥ ሊጀምር ይችላል። ጤነኛ ሰው ተኝቶም ሳለ ሳያውቀው ይገላበጣል። ሽባ የሆነው ግን የሕመሙ መልእክት አይደርሰውም። ለመሐንዲስ ይህ ጭነትን በቦታና በጊዜ የማከፋፈል ጥያቄ ነው።

መፍትሔው ከባድ ድካም የሚጠይቅ ነበር፤ እያንዳንዱን በሽተኛ ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ በትራስ መደገፍ፣ ቆዳውን መመርመር። ጉትማን ራሳቸው በእኩለ ሌሊት እየተነሡ ትእዛዙ መፈጸሙን ይቆጣጠሩ ነበር፤ ጠባያቸውም ለሠራተኛው የሚመች አልነበረም። ነገር ግን ቁስሎቹ ዳኑ፤ ሊሞቱ የተጠበቁትም ወደ ቤትና ወደ ሥራ ተመለሱ። ዓለም ይበልጥ የሚያውቃቸው የፓራሊምፒክ መሥራች በመሆናቸው ነው፤ በ1948 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በሆስፒታሉ ሜዳ በቀስት የተወዳደሩት 16 ጉዳተኞች ግን አስቀድሞ ከአልጋ መነሣት ነበረባቸው። ጉትማን በ1966 የሰርነት ማዕረግ ተቀብለው በ1980 ዐረፉ።

ዛሬ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሰመመን ተኝቶ በመሣሪያ የሚተነፍስ ሰው ከዚያ ወታደር ብዙ አይለይም፤ መገላበጥ አይችልም፣ አመመኝ አይልም። እንዲያውም የደም ግፊቱን ለማቆም የሚሰጡት መድኃኒቶች ደምን ከቆዳው ሊያሸሹ ይችላሉ፤ የመተንፈሻው ቱቦም ራሱ ከንፈርን ተጭኖ ያቆስላል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ለሁሉ የሚሠራ ቁርጥ ሕግ መሆኑ ቀርቶ፣ የመገላበጫው ጊዜ እንደ በሽተኛው ሁኔታና እንደ ፍራሹ ዓይነት ይወሰናል፤ ተረከዙ ከፍራሹ ከፍ ይደረጋል፣ ከቱቦው በታች ያለውም ቆዳ ይታያል።