በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በጄኔቫ፦ የባርነት ክስና የሁለት ሚዛን ጥያቄ

ነሐሴ 29 ቀን 1927 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ልዑክ ባሮን ፖምፔዮ አሎይዚ በጄኔቫ ለተሰበሰበው የመንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት በፎቶግራፍ የታጀበ ሰፊ የክስ መዝገብ አቀረበ። መዝገቡ የድንበር ጠብና የውል መፍረስን ጨምሮ ብዙ ነገር ይዘረዝር ነበር፤ የአውሮፓን ሕዝብ ልብ የነካው ግን የባርነት ክስ ነው። ኢትዮጵያ ባሪያ የሚያዝባት አገር ስለሆነች ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር በእኩልነት ልትቀመጥ አይገባትም የሚለው መደምደሚያ የተመሠረተውም በዚሁ ክስ ላይ ነበር። በዚያ ጊዜ የሙሶሊኒ ጦር በብዙ መርከብ ምጽዋ ወርዶ የዝናቡን ማብቂያ ይጠባበቅ ነበር።

የኢትዮጵያን መንግሥት ወክለው በምክር ቤቱ ከተቀመጡት አንዱ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ዛሬ ስማቸው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከአማርኛ ተውኔት ጅማሬና ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጋር ተያይዞ ነው። የጄኔቫ ሥራቸው የሚጠቀሰው በጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ እምነት ግን ከሁሉም ይልቅ ሊመረመር የሚገባው እሱ ነው። ኢትዮጵያ በኃያላኑ ላይ ያቀረበችው የአድልዎ ወቀሳ ክብደት ያገኘው ራሷን ንጹሕ አድርጋ በማቅረቧ አልነበረም። ጥፋቱን ሳትክድ፣ ስለ ጥፋቱ ማን ይፈርዳል፣ በምንስ መሣሪያ ይፈርዳል የሚለውን ለይታ በመጠየቋ ነው። ተክለ ሐዋርያትም ለዚህ ክርክር እንደ ታዘዙለት ሰው ነበሩ፤ የአገራቸውን ጉድለት ከማንም በፊት በአደባባይ የነቀፉ ሰው ነበሩና።

የተወለዱት በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ሰያደብር ነው። ገና በልጅነታቸው ሐረር ወርደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ፤ የካቲት 1888 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዐድዋ ሲዘምቱም ተከትለዋቸው ሄዱ። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ከሩሲያዊው ሊዮንቲየቭ ጋር ወደ ሩሲያ ላኳቸው። በዚያም የአንድ መኮንን ቤተሰብ እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው መኮንን ሆኑ። ከዐሥር ዓመት በላይ በውጭ ከኖሩ በኋላ በዐፄ ምኒልክ የመጨረሻ ዘመን ሲመለሱ በአስተዳደግ ከፊል ሩሲያዊ፣ በልብ ግን አገሩን ካለችበት ጋር ማስታረቅ ያቃተው ወጣት ነበሩ። በሩሲያ ሳሉ ጃፓን የሩሲያን ጦር ስታሸንፍ ማየታቸው ቀላል ነገር አይመስለኝም። ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ በታዘዙ ጊዜ ጃፓን በ1889 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን በአርአያነት መውሰዳቸው በዚህ ይበልጥ ይገባል።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተሰኘውን ተውኔታቸውን በአዲስ አበባ መኳንንት ፊት አሳዩ። በእንስሳት አፍ የተነገረው ጨዋታ የዘመኑን ሹማምንት ጉቦኝነትና ስንፍና የሚሸነቁጥ ስለነበር ብዙ ሳይቆይ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። ከዚያ በጅጅጋ፣ ቀጥሎም በጨርጨር ገዥ ሆኑ። የጨርጨርን አውራጃ ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ግብሩንና አስተዳደሩን በአዲስ ሥርዓት ሊያቋቁሙ ጥረዋል። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ሲታወጅ ትርጉሙን ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት በንግግር ያስረዱትም እሳቸው ናቸው። የበጅሮንድነት ማዕረጋቸው የገንዘብ ሚኒስትርነት ሹመታቸው ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር፣ በጄኔቫም የመንግሥታቸው ልዑክ ሆነው ተላኩ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው፤ የባርነት ክስ በ1927 ዓ.ም. የተፈጠረ አልነበረምና። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ስትገባ ይኸው ጉዳይ ተነሥቶ ነበር። አባል የሆነችውም ባርነትን ለማጥፋትና የጦር መሣሪያ ንግድን ለመቆጣጠር በጽሑፍ ቃል ገብታ ነው። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ሲቀበላት ጣሊያንም ድምፅ ከሰጡት አንዷ ነበረች። በመጋቢት 1916 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ባሪያ መሸጥና መለወጥን በከባድ ቅጣት ከለከለ፤ የተያዙት ግን ነፃ የሚወጡት ጌታቸው ከሞተ በኋላ በ7 ዓመት ውስጥ እንዲሆን ፈቀደ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ይህን ጊዜ አሳጠረው። ባርነትን የሚከታተል መሥሪያ ቤትም ተቋቋመ። ይሁን እንጂ አዋጁ በደቡብና በምዕራብ ጠረፍ አገሮች ያለው ጉልበት ደካማ ነበር፤ ባሪያ ፈንጋዩም አልጠፋም። ይህን ያልመዘነ ጸሐፊ የጄኔቫውን ክርክር አገር ወዳድ አድርጎ ሊተርከው ይችላል፤ በታሪክነቱ ግን ይጎድላል።

ተክለ ሐዋርያትና የሕግ አማካሪው ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ያቀረቡት መከራከሪያ ሦስት ክር አለው። አንደኛው የሥልጣን ነው። ስለ ባርነት የተገባው ቃል ለማኅበሩ እንጂ ለጣሊያን ስላልሆነ፣ አፈጻጸሙን የሚመረምረው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ ለዚህም የባለሙያዎች ኮሚቴ አቋቁሟል። ሁለተኛው የጊዜ ነው። ጣሊያን ለዐሥራ ሁለት ዓመት አብራ ስትቀመጥ ይህን ጉዳይ ለምክር ቤቱ በክስ አላቀረበችም። ሐምሌ 1920 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የወዳጅነት ውል ስትፈራረም፣ በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መሣሪያ ልትገዛ መቻሏን በሚያረጋግጠው የፓሪስ ውል ላይ ስትፈርም፣ ባርነቱ የነበረ ነው። ክሱ የመጣው ጦሩ ከተላከ በኋላ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የመድኃኒቱ ነው፤ ጉድለት ቢኖር እርዳታና ክትትልን እንጂ ወረራን አይጠራም።

ዤዝ ነሐሴ 30 ቀን መናገር ሲጀምሩ የጣሊያኑ ልዑክ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ዤዝ ለዚህ ሥራቸው በፓሪስም ከፍለዋል፤ በቀጣዩ ዓመት የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች በሕግ ፋኩልቲ እንዳያስተምሩ አውከዋቸዋል። ለጣሊያን መዝገብ የሚሰጠውን መልስ በማዘጋጀት ከረዱት መካከል የሥነ ሰብዕ ተመራማሪው ማርሴል ግሪዮል ይገኝበታል። (ግሪዮል በ1924 ዓ.ም. የጎንደርን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ወደ ፓሪስ ያጓጓዘው የዳካር ጅቡቲ ጉዞ መሪ መሆኑ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የወዳጅም እጅ ንጹሕ እንዳልነበረ ያስታውሳል።)

በዚህ ቦታ ልዑኩ ከጠየቁት አልፎ መረጃውን መመልከት ተገቢ ነው። የአድልዎው መጠን የሚታየው በጎን ለጎን ንጽጽር ነውና። በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረው የሴራሊዮን ክፍል ባርነት በሕግ የተሻረው በ1920 ዓ.ም. ነው፤ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሰው ነፃ ወጣ። ይህ የሆነው ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ከአራት ዓመት በኋላ ቢሆንም፣ በዚህ ምክንያት እንግሊዝ ከማኅበሩ ትውጣ ወይም ሌላ መንግሥት ሴራሊዮንን ይያዝ ያለ አልተሰማም። ጣሊያንም ራሷ በሊቢያ ቂሬናይካ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ነቅላ በሽቦ በታጠረ ሰፈር አጉራ ነበር፤ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ አልቀዋል። የተቃውሞው መሪ ዑመር አል ሙኽታር በመስከረም 1924 ዓ.ም. የተሰቀሉት በዚሁ ዘመን ነው። ቅኝ ግዛት የገዥው የቤት ጉዳይ፣ ነፃ አፍሪካዊ መንግሥት ግን የሁሉ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። የሁለት ሚዛኑ ምሥጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ለምርመራ የተጋለጠው ባርነቱ የከፋው ሳይሆን አባል ለመሆን ፈቅዶ ቃል የገባው ነው።

የመሣሪያው ጉዳይ ደግሞ እኩልነት መስሎ የቀረበ አድልዎ ነበር። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ የመሸጥ ፈቃድ ከለከሉ። ጣሊያን መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፤ ኢትዮጵያ ግን ጥይትም ሳይቀር ከውጭ ነው የምትገዛው። በነሐሴ 28 ቀን የተሰጠው የወልወል የግልግል ውሳኔም በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ለተፈጸመው ግጭት ሁለቱንም ወገን ተጠያቂ ሳያደርግ አለፈ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ለተክለ ሐዋርያት ከጣሊያን ክስ ይልቅ ከባድ የነበረ ይመስለኛል። ምክር ቤቱ ያቋቋመው የአምስት መንግሥታት ኮሚቴ በፖሊስ፣ በገንዘብና በአስተዳደር ሥራ ላይ የውጭ አገር አማካሪዎች እንዲገቡ ሐሳብ አቀረበ። ይህ በጨዋ ቃል የተሸፈነ ጣልቃ ገብነት ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግን ለድርድር መነሻ እንዲሆን ተቀበለው። በዚህ መቀበል የሚነቅፉ አሉ። ሆኖም ጦርነቱ የመሻሻል ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ሐሳቡን ሊቀበል ይገባው የነበረው ከሳሹ ነው፤ ሐሳቡን የጣለችው ጣሊያን ናት። ኢትዮጵያ ጦሯ ከጠረፍ 30 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ አዛለች፤ ማኅበሩም ገለልተኛ ታዛቢ ወደ ድንበሩ እንዲልክ ደጋግማ ጠይቃለች። ታዛቢው አልተላከም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ጣሊያን የማኅበሩን ቃል ኪዳን አንቀጽ 12 ጥሳ ጦርነት መክፈቷን ወሰነ። ኅዳር 8 ቀን የተጀመረው ማዕቀብ ግን ነዳጅን ሳይጨምር ቀረ፤ የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር። ጄኔራል ዴ ቦኖ ትግራይ እንደ ገባ ባርነትን የሚሽር አዋጅ አወጣ። ይህ አዋጅ በወረራው ደጋፊዎች ዘንድ ብዙ ተወድሷል፤ ያው ኃይል ግን በዚያው ዘመቻ የመርዝ ጋዝ ረጨ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ጨፈጨፈ፣ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት የሚያስቀጣ ሕግ አወጣ። በባርነት ስም የመጣው መንግሥት ሰውን በዘሩ የሚለይ ሕግ ተክሎ ነው የሄደው።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመልሰው የጦርነቱን ወራት በዚያ አሳለፉ፤ ከሽንፈቱ በኋላ ለጣሊያን አልገዛም ብለው በጅቡቲ በኩል ተሰደዱ። ብዙውን የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በፈረንሳይ ግዛት በነበረችው በማዳጋስካር ነው። ከነፃነት በኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ባለመስማማታቸው ለረጅም ዓመታት አልተመለሱም። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽር ሕግ ሲያወጣ፣ በጄኔቫ ስለዚሁ ጉዳይ የተከራከሩት ሰው በደሴቲቱ ላይ ስደተኛ ነበሩ። ኋላ ተመልሰው ከመንግሥት ሥራ ርቀው ኖሩ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን በራሳቸው እጅ ጽፈው ትተውት ስለነበር ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል።