የተሸጠው ንጉሥ

ነጃሺን የማያውቅ በመካከላችን የለም። የምናስታውሰው ግን ዙፋን ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሳለፈውን እምብዛም አናነሳም።

ስሙ አስሐማ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ አባቱ ንጉሥ ሳለ ሹማምንቱ ገደሉትና የሟቹን ወንድም አነገሡ። አስሐማ በአጎቱ ቤት አደገ፤ በብልህነቱም አጎቱ ወደደው። ሹማምንቱ ግን ልጁ ሲነግሥ የአባቱን ደም ይበቀለናል ብለው ሰጉ። አጎቱን አስጨንቀው ልጁን ገበያ አወጡትና ለአንድ ነጋዴ በ600 ድርሃም ሸጡት። በዚያው ምሽት አጎቱን መብረቅ ገደለው። ከልጆቹ ለንግሥና የሚበቃ ስለጠፋ አስሐማን ከነጋዴው ነጥቀው አነገሡት። ነጋዴው ገንዘቡን ቢከለክሉት ለራሱ ለንጉሡ አቤት አለ። ነጃሺም ወይ ገንዘቡን እንዲመልሱለት፣ ካልሆነም ባሪያውን እንዲወስድ ፈረደ። ባሪያው እሱ ራሱ ነበር።

በ615 እ.ኤ.አ. የመካ ግፍ ሲበረታ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐባዎችን ወደዚህ ንጉሥ አገር ላኩ። ቁረይሽም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ቢን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዞ አስከተለ። መልእክተኞቹ ንጉሡ ዘንድ ከመቅረባቸው በፊት ለጳጳሳቱ ለእያንዳንዳቸው ስጦታ ሰጡ። ስደተኞቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተላልፈው እንዲሰጡ ፈልገው ነበር። ጳጳሳቱም ተስማሙ።

ነጃሺ ተቆጣ። ያለ ፍርድ ተላልፎ መሰጠት ምን እንደሆነ ያውቃል። ተከሳሾቹን አስጠራ፤ ጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ተናገሩ፣ ከሱረቱ መርየም ሲቀሩም ንጉሡ ጢሙ እስኪርስ አለቀሰ። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሌላ ክስ ይዞ ተመለሰ። ነጃሺ ዳግመኛ ጠየቀ፣ ዳግመኛ አዳመጠ። ሹማምንቱ ቢያጉረመርሙም ለስደተኞቹ ደኅንነት ሰጠ፤ ስጦታውንም መለሰ።

በኋላ አንድ ተቀናቃኝ ተነሳበት። ስደተኞቹ ለድሉ ዱዓ አደረጉ፤ ወጣቱ ዙበይርም በተነፋ ስልቻ ወንዝ ተሻግሮ የድሉን ዜና አመጣላቸው። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐባዎችን አሰልፈው በአራት ተክቢራ በሌለበት ሰገዱበት።

ከጀሞ፣ ከለቡ፣ ከሳሪስ እየተመላለስን የምንማር እኛስ? በ2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ማዘናችንና መቆጣታችን ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከመካከላችን ንዴቱን በድርጊቱ እጁ በሌለበት ክርስቲያን የክፍል ጓደኛው ላይ የተወጣ ነበር። ለሶሐባዎች በሩን የከፈተው ንጉሥ ያኔ ክርስቲያን እንደነበር ረሳነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ጦርነት የነጋሹ መስጂድ ራሱ በከባድ መሣሪያ ተመታ። ያኔም ስልካችን ላይ አንዱ ብሔር ሌላውን የሚረግምበት መልእክት ይዘዋወር ነበር፤ ሳናጣራ ያስተላለፍን አለን።

ዛሬ በመካከላችን ገበያ ወጥቶ የሚሸጥ ሰው የለም። በስሙና በብሔሩ ብቻ ተፈርዶበት፣ ሳይጠየቅ፣ በአንድ መልእክት ለጥላቻ ተላልፎ የሚሰጥ ግን አለ። አስተላላፊዎቹ እኛ ልንሆን እንችላለን። ነጃሺ ጉቦ የበሉ ሹማምንት ከበውት እንኳ ተከሳሹን ሳይሰማ አልፈረደም። እኛን የሚያስቸኩለን ምንድን ነው? በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አንድ ሕዝብ ክፉ ወሬ ሲደርሰን፣ ከመላካችን በፊት ከዚያው ሕዝብ የሆነውን የዶርም ጓደኛችንን ጠይቀን እንስማ።

አላህ ነጃሺን ይዘንለት፤ ለእኛም የሚያዳምጥ ልብ ይስጠን። አሚን።