ማሪሊን ሞንሮ እና ያልታየው ሕመሟ

ማሪሊን ሞንሮን ብዙዎቻችን በፎቶግራፍ እናውቃታለን። ሕመሟን ግን አናውቅም።

እ.ኤ.አ. በ1926 በሎስ አንጀለስ ተወለደች። እናቷ የአእምሮ ሕመምተኛ ስለነበረች ያደገችው በአሳዳጊ ቤተሰቦችና በሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ዝነኛ ተዋናይ ከሆነች በኋላም የወር አበባዋ ሲመጣ በከባድ ሕመም ትሠቃይ ነበር። ሕመሟ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ ያማል፣ ማርገዝንም ሊያስቸግር ይችላል።

በ1952 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት፣ ሐኪሙ ኦቫሪዋን እንዳያወጣባት የሚማጸን ወረቀት ሆዷ ላይ ለጥፋ ገባች። ልጅ አጥብቃ ትፈልግ ነበር። በ1957 እርግዝናዋ ከማህፀን ውጭ ሆነ፤ በ1958 ደግሞ ፅንስ ወረደባት። በ1959 ለዚሁ በሽታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከሥራ በመቅረቷና በማርፈዷ ስሟ በክፉ ይነሣ ነበር። ልጅ ሳትወልድ በ1962፣ ገና በ36 ዓመቷ፣ በመድኃኒት መብዛት አረፈች።

እኛም የሴት ወግ ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል እየተባልን አድገናል። ስለዚህ ሕመማችንን እንደ ሒሳብ መዝገብ እንያዘው፤ የጀመረበትን ቀን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ከሥራ ያስቀረንን ቀን ሁሉ። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ደብተሩን ይዘን እንግባ። ብቻችንንም አንሂድ፤ አንዳችን ሌላችንን እናጅብ። እሷ ወረቀቷን የጻፈችው ለብቻዋ ነበር፤ እኛ ግን ማኅበር አለን።