የፓሪስ ምሁራንን በአንድ ገበታ ያሰባሰቡት ማዳም ዦፍረን

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ መዲና ፓሪስ፣ ሴንት ኦኖሬ በተሰኘው ጎዳና በሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ዘወትር ሰኞ ሠዓሊዎች፣ ዘወትር ረቡዕ ደግሞ ጸሐፊዎችና ፈላስፎች ለምሳ ይሰባሰቡ ነበር። የቤቱ እመቤት ማሪ ቴሬዝ ዦፍረን ከመሳፍንት ወገን አልተወለዱም። መደበኛ ትምህርት አላገኙም፤ የፊደል አጻጻፋቸውም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ስሕተት አልተለየውም። ስማቸው ግን ከፓሪስ አልፎ በዋርሶና በሴንት ፒተርስበርግ ቤተ መንግሥታት ይታወቅ ነበር።

እኛ የእንግዳ መቀበያ ክፍልን የምንጠራበት "ሳሎን" የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ሌላም ትርጉም እየያዘ መጥቶ ነበር። አንዲት እመቤት በቋሚ ቀንና ሰዓት ምሁራንን የምትቀበልበት፣ አዳዲስ ድርሰቶች የሚነበቡበትና ሐሳብ የሚንሸራሸርበት ጉባኤ ማለት ነበር።

ማዳም ዦፍረን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1699 በፓሪስ ተወለዱ። አባታቸው የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው በማረፋቸው አያታቸው አሳደጓቸው። በ1713፣ በ14 ዓመታቸው፣ ዕድሜያቸው 50 ሊሞላ ለተቃረበ ባለጸጋ ተዳሩ። ባለቤታቸው በንጉሣዊው የመስታወት ማምረቻ ድርጅት ከፍተኛ ድርሻ የነበራቸው ሲሆን፣ በኋላ ለግብዣው ሁሉ የዋለው ሀብት ምንጩ ይኸው ድርጅት ነው።

እመቤቲቱ የእንግዳ አቀባበልን ጥበብ የቀሰሙት በጎረቤታቸው በማዳም ደ ታንሰን ቤት ነበር። ማዳም ደ ታንሰን በ1749 ሲያርፉ እንደ ፎንተኔልና ሞንተስኪዩ ያሉ የዚያ ቤት ደንበኞች ወደ ማዳም ዦፍረን ገበታ ዞሩ። ባለቤታቸውም በዚያው ዓመት አረፉ። በገበታው ጥግ ዝም ብለው ይቀመጡ የነበሩት ሽማግሌ የት እንደ ደረሱ አንድ እንግዳ ቢጠይቅ፣ ባሌ ነበር፣ ሞቷል የሚል አጭር መልስ እንዳገኘ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በደንብ የሚተዳደር መሥሪያ ቤት መሰለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌሎች እመቤቶች እንግዶቻቸውን ለራት ሲጠሩ እርሳቸው ከቀትር በኋላ በአንድ ሰዓት ላይ የሚጀመር ምሳ መረጡ፤ የከሰዓቱ ጊዜ በሙሉ ለውይይት እንዲተርፍ ነበር። ምግቡ ዶሮ፣ ቆስጣና የእንቁላል ጥብስ የመሰለ ቀላል ነገር ነው። ንግግሩ መንግሥትንና ሃይማኖትን ወደ መዝለፍ ሲያዘነብል እመቤቲቱ በአጭር ቃል ይገቱት ነበር። ይህ ቁጥጥር ያላስደሰታቸው እንግዶች አልታጡም፤ አንዳንዶቹ ከምሳ በኋላ በሌላ ሥፍራ ተገናኝተው የልባቸውን ይናገሩ ነበር። ሆኖም ጸሐፊዎች በመጽሐፋቸው ሳቢያ በሚታሰሩበት በዚያ ዘመን፣ ገበታው ሳይበተን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የዘለቀው በዚሁ ጥንቃቄ ይመስላል። በረቡዑ ምሳ ዘወትር እንዲገኙ የተፈቀደላቸው ሴት ዡሊ ደ ሌስፒናስ ብቻ ነበሩ።

ጥንቃቄያቸው ግን ከፍርሃት የመነጨ አልነበረም። ዲድሮና ዳላምቤር ያዘጋጁት የነበረው ታላቁ መዝገበ ዕውቀት "አንሲክሎፔዲ" በ1751 መታተም ጀምሮ፣ በ1759 በንጉሡ ምክር ቤት ውሳኔ ፈቃዱ ተሰረዘ። ሥራው በስውር በቀጠለባቸው ዓመታት ማዳም ዦፍረን አሳታሚዎቹን በገንዘባቸው ደገፉ። የቀሩት 10 የጽሑፍ ጥራዞች በ1765 ተጠናቅቀዋል። እመቤቲቱ ለዳላምቤርና ለሌስፒናስም የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ ቆርጠውላቸዋል። በ1772 ሠዓሊው ካርል ቫን ሎ የሠሩላቸውን ሁለት ሥዕሎች ለሩሲያ ንግሥት ለዳግማዊት ካትሪን ሸጠዋል።

በፓሪስ በወጣትነቱ እንደ ልጅ ያቀረቡት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ፖንያቶቭስኪ በ1764 የአገሩ ንጉሥ ሆኖ ሲመረጥ፣ በደብዳቤዎቹ እናቴ እያለ ይጠራቸው ነበር። ከፓሪስ ርቀው የማያውቁት እመቤት በ1766፣ በ67 ዓመት ዕድሜያቸው፣ በሠረገላ ተጉዘው ዋርሶ ገቡ። መንገዳቸው በቪየና ስለነበር ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በክብር ተቀብለዋቸዋል፤ በኋላ የፈረንሳይ ንግሥት የሆነችውን የ10 ዓመቷን ማሪ አንቷኔትንም እዚያው አይተዋታል።

ትልቁ ፈተና የመጣው ከገዛ ቤታቸው ነው። ልጃቸው የላ ፌርቴ ኤምቦ ማርኪዝ አጥባቂ ሃይማኖተኛ ስለነበሩ የእናታቸውን ፈላስፎች ከቶ አይወዱም ነበር። ማዳም ዦፍረን በ1776 በሽባነት ሕመም ሲወድቁ ልጃቸው የቤቱን በር በዳላምቤርና በጓደኞቻቸው ላይ ዘጉ። በዚያው ዓመት ሌስፒናስን በሞት ያጡት ዳላምቤር፣ ጠዋት ጠዋት ሲመላለሱበት የኖሩት ደጃፍም ተከለከላቸው።

ሕመምተኛዋ የልጃቸውን ውሳኔ አልሻሩም። ልጃቸው መቃብራቸውን ከኢአማንያን ለመከላከል እንደ መስቀል ጦረኛው ጎድፍሬ ዘብ መቆማቸውን እየጠቀሱ ይቀልዱ ነበር። ጥቅምት 6 ቀን 1777 በ78 ዓመታቸው አረፉ። ከበሩ ከተመለሱት ወዳጆቻቸው መካከል ዳላምቤር፣ ቶማና ሞረሌ እያንዳንዳቸው የውዳሴ ጽሑፍ ጽፈውላቸዋል።