ዶክተር ቶማስ ላምቢ፤ ሥራቸውና ፈተናቸው

ከገሱባ ሕመም የጸናበት ሰው ወደ ሶዶ ሲወሰድ መድረሻው ኦቶና ነው። ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ቢሆንም በአገሬው አንደበት ኦቶና ከመባል አልቀረም። የዚህ ቦታ የሕክምና ታሪክ የሚጀምረው የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን መልእክተኞች በ1928 ወላይታ ከገቡ በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጉዞ የመሩት ሐኪም ዶክተር ቶማስ ላምቢ ይባላሉ። የገሱባ ልጅ እንደ መሆኔ ስማቸውን በልጅነቴ የሰማሁት በምስጋና ነበር፤ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሳገኛቸው ግን ምስጋናና ወቀሳ ጎን ለጎን ቆመው አየሁ። ለማኅበራችን መጽሔት የእኚህን ሰው ሕይወት የመረጥሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ላምቢ በ1885 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በ1907 እንደ ተመረቁ ወዲያውኑ በፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መልእክተኝነት ወደ ሱዳን አቀኑ። በሶባት ወንዝ ዳር ለዓመታት ሲሠሩ ከባለቤታቸው ከሻርሎት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ጸሎትና ሕክምና በእርሳቸው ዘንድ ሁለት ሥራዎች አልነበሩም፤ ቁስል ማጠብን እንደ አምልኮ ይቆጥሩት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የሳባቸው በሽታ ነው። የኅዳር በሽታ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በምዕራብ ወለጋ የሰዮ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ሐኪም ስለ ፈለጉ፥ ላምቢ በ1919 ቤተሰባቸውን ይዘው ከቆላው ወደ ደጋው ተሻገሩ። ቆየት ብለው ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ በጎሬ የራስ ናደውን ጆሮ ገብቶ ያሠቃያቸው የነበረውን ነፍሳት አወጡላቸው። ራስ ናደውም ውለታውን አልረሱም፤ ሐኪሙን ለአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አስተዋወቋቸው። አልጋ ወራሹ በመዲናይቱ ሆስፒታል እንዲሠሩ ጠየቋቸው። ላምቢም አሜሪካ ተመልሰው ገንዘብ ለመኑ፤ ጆርጅ የተባሉ አንድ ባለጸጋ ባደረጉት ልግስና በጉለሌ በእኚሁ ሰው ስም የተጠራ ሆስፒታል ቆመ።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ረክቶ በተቀመጠ ነበር። እርሳቸው ግን ሐኪም ያልረገጠው የደቡቡ አገር ያስጨንቃቸው ስለ ነበር የሞቀ ሥራቸውን ለቀቁ። በ1927 ከጥቂት ባልደረቦች ጋር አዲስ ሚሲዮን አቋቋሙ፤ እርሱም ከሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን ጋር ተዋሐደ። በሚቀጥለው ዓመት በበቅሎ ተጭነው ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሐሳባቸው ጅማ መድረስ ነበር። መንገዱ ግን ወደ ከምባታ፥ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ መራቸው። በሲዳማ የተሾሙት የጥንት ወዳጃቸው ደጃዝማች ብሩ መሆናቸው ረዳቸው። በሆሳዕና፥ በሶዶና በጋርቢቾ ሦስት ጣቢያዎች ተተከሉ። ከዚህም በኋላ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መጠጊያ የሚሆን ሆስፒታል በማቆም ደከሙ፤ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው ይህ ተቋም ነው። በ1965 አለርት የተመሠረተው በዚሁ ስፍራ ሲሆን፥ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በአጠገቡ ተደራጅቶ የሕክምና ሳይንስ ይመረመርበታል።

ላምቢ የትውልድ ዜግነታቸውን ትተው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በ1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲመሠረትም ዋና ጸሐፊ ተደረጉ። ጦርነቱ እንደ ተጀመረ በደሴ፥ በመልካ ዲዳና በቆረም የቀይ መስቀል ምልክት የያዙ የሕክምና ሥፍራዎች በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደቡ። ዋና ጸሐፊውም የተፈጸመውን ግፍ ለዓለም አሰሙ።

ፈተናው የመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። በግንቦት 1936 ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ላምቢ ለኢጣልያ አስተዳደር መገዛታቸውን ገለጹ፤ አስቀድመው ያሰሙትን ክስ የሚያስተባብል ቃልም ሰጡ። ይህን ያደረጉት ሚሲዮኑንና ሆስፒታሎቹን ለማትረፍ በማሰብ ነው። ነገር ግን አልተረፉም። በ1937 ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ወጡ፤ ብዙ ሳይቆይም ከመላው አገሪቱ ተባረሩ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ላምቢ የተመለሱበት በር አልተከፈተም። በ1939 ያሳተሙት መጽሐፍ ርእስ አገር አልባ ሐኪም የሚል ነበር፤ ርእሱ የራሳቸውን ሁኔታ የሚገልጽ ነው።

በቀሩት ዘመናቸው አልቦዘኑም። በሱዳን ጣቢያዎች ተከሉ። ሻርሎት ካረፉ በኋላም ወደ ፍልስጥኤም ሄደው በቤተልሔምና በኬብሮን መካከል ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ሆስፒታል አሠሩ። በ1954 በኢየሩሳሌም፥ በትንሣኤ በዓል ዋዜማ ሰሞን አረፉ።

እኛ መሐንዲሶች በምንፈርመው ሰነድ እንታመናለን። ተቋሙን ለማዳን ሲባል ዓይን ያየውን ማስተባበል ለእኛም እንግዳ ፈተና አይደለም፤ ሥራው እንዳይቆም፥ ሠራተኛው እንዳይበተን በሚል ቅን ምክንያት ይመጣል። የላምቢ ታሪክ የሚያስተምረን በእንዲህ ያለ ቃል የተገዛ ሕንፃ ለገዢው እንደማይቀርለት ነው። የተረፈው እርሳቸው ሊያድኑት ያልሞከሩት ነው። ሚሲዮናውያኑ ወላይታን ሲለቁ ከመቶ በታች የነበሩት ምእመናን ያለ ባዕድ አስተማሪ፥ በስደትና በግርፋት መካከል፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። ኦቶናም ዛሬ የአገር ልጆች የሚያክሙበትና የሚማሩበት ሆኗል።

ስለዚህ በሰውየው ላይ ፍርድ ስንሰጥ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ማኖር ይገባናል። ከገሱባ በቃሬዛ ተሸክመውት መጥተው ድኖ በእግሩ የተመለሰ ሕመምተኛ የላምቢ ባለዕዳ ነው፤ ስለዚያ ጦርነት ግፍ እውነቱ ሳይሸራረፍ እንዲመሰከርላቸው የሚጠብቁ ሙታን ደግሞ ባለ ገንዘባቸው ናቸው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።